እጅና እግር እንዴት ይማራሉ?

  ይህን ንግግር በወረቀት ይዛችሁ የምታነቡ፣ ቀስ ብላችሁ አንብቡት። የከበዳችሁ ቃል ካለ ጎረቤት ጠይቁ። ልጅም ጠይቁ፤ ነውር የለውም።

የዛሬው ንግግራችን ስለ ሰውነት እንቅስቃሴ ነው። እንቅስቃሴ ስል ስፖርት ብቻ ማለቴ አይደለም። ሕፃን አንገቱን ሲያቀና እንቅስቃሴ ነው። እናት በምጣድ ላይ ሊጥ ስታዞር፣ ሸማኔ መወርወሪያውን ሲወረውር፣ አያት ከዱካ ብድግ ሲሉ፣ ሁሉም እንቅስቃሴ ነው። እናንተም እርሳስ ጨብጣችሁ «ሀ» ብላችሁ ስትጽፉ እንዲሁ። ሰው እነዚህን ሁሉ ይማራል እንጂ አውቋቸው አይወለድም።

እኔ የአንደኛ ደረጃ መምህር ነኝ። ቀን ልጆችን አስተምራለሁ፤ ማታ ደግሞ ኮልፌ ቀራኒዮ ውስጥ ጎልማሶችን። ከማታ ተማሪዎቼ ሁለት ጥያቄ መጣልኝ። አጠና ተራ እንጨት ሲያወርዱና ሲጭኑ የሚውሉ አንድ አባት «መምህር፣ የእኔ እጅ ለእርሳስ አልተፈጠረም፤ ደርቋል» አሉኝ። አንዲት እናት ደግሞ ሌላው ሰው እስኪወጣ ጠብቀው «ልጄ ዓመት ከሰባት ወር ሆነው። አልቆመም። ሰው እንዳያይብኝ ጓዳ ነው የማስቀምጠው» አሉኝ። ሁለቱ ጥያቄዎች ይለያያሉ ትሉ ይሆናል። ሥራቸው ግን አንድ ነው። ሁለቱም የሚጠይቁት ሰውነት መንቀሳቀስን እንዴት እንደሚማር ነው።

ከላይ ወደ ታች

አዲስ የተወለደ ሕፃን ይንቀሳቀሳል፤ ግን ሰውነቱን ገና አያዝዘውም። ጣታችሁን መዳፉ ላይ ብታኖሩ ጥብቅ አድርጎ ይጨብጣችኋል። ዘመድ «አወቀኝ!» ብሎ ይደሰታል። እውነቱን ለመናገር ገና አላወቀም። ይህ ሳያስብበት የሚመጣ እንቅስቃሴ ነው። ጉንጩ ሲነካ አፉን ወደ ጡት ማዞሩም እንደዚያው። ጥቂት ወራት ሲያልፉ እንዲህ ያለው እንቅስቃሴ እየቀረ ይሄዳል። በቦታው ልጁ ፈልጎ የሚያደርገው እንቅስቃሴ ይመጣል።

ትእዛዙ የሚወጣው ከአንጎል ነው። ከአንጎል ተነሥተው እስከ ጡንቻ ድረስ መልእክት የሚያደርሱ ቀጫጭን ክሮች አሉ። ነርቭ ይባላሉ። የመብራት ሽቦ በላስቲክ እንደሚሸፈን ብዙዎቹ ነርቮችም ስብ ባለበት ነገር ይሸፈናሉ። የተሸፈነ ነርቭ መልእክቱን ቶሎ ያደርሳል። ሕፃን ሲወለድ ይህ ሽፋን ገና አላለቀም። ለዓመታት ይቀጥላል። ስለዚህ ልጅ የማይሄደው ሰንፎ አይደለም። ሽቦው ገና እየተዘረጋ ነው።

ይህ ሥራ ሥርዓት አለው። ከራስ ተነሥቶ ወደ እግር ይወርዳል። በሦስትና በአራት ወር ገደማ አንገት ይጠናል። ከዚያ ጀርባ ይበረታል፤ ልጁ ይቀመጣል። ከዚያ ይድሃል፣ ይቆማል፣ ዳዴ ይላል። ሁለተኛም መንገድ አለ፤ ከመካከል ወደ ዳር። መጀመሪያ ትከሻ ይታዘዛል፣ ቀጥሎ ክንድ፣ ቀጥሎ መዳፍ። ጣት መጨረሻ ነው። የስድስት ወር ልጅ ዕቃ የሚይዘው በሙሉ መዳፉ ነው። ወደ ዘጠኝና አሥር ወር ሲደርስ ግን አንዲት የወደቀች ምስር በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ ለቅሞ ያነሣል። ለእናት ትንሽ ነገር ይመስላል። እኔ ግን ትልቅ ነገር እለዋለሁ፤ ነገ እርሳስ የሚይዙት እነዚያው ሁለት ጣቶች ናቸው። (ደግሞ ያነሣው ሁሉ ወደ አፉ ነው። ሽምብራና ሳንቲም ከምንጣፉ ላይ አርቁ፤ ያንቀዋል።)

የጎረቤት ልጅ በዘጠኝ ወሩ ሄደ፣ የእኔ ለምን ዘገየ?

ይህን ጥያቄ የማይጠይቅ ወላጅ የለም። የዓለም ጤና ድርጅት የአምስት አገር ልጆችን አስጠንቶ ነበር፤ የጋና፣ የህንድ፣ የኖርዌይ፣ የኦማንና የአሜሪካ። ውጤቱ በ1998 ዓ.ም ወጣ። ጤነኛ ልጆች ናቸው፤ ግን በአንድ ቀን አልተራመዱም። ያለ ድጋፍ የሚቀመጡት ከ4 ወር ገደማ እስከ 9 ወር ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። በእጅና በጉልበት የሚድሁት ከ5 ወር እስከ 13 ወር ተኩል። ብቻቸውን የሚራመዱት ከ8 ወር እስከ 17 ወር ተኩል። እንግዲህ ይታያችሁ! በ8 ወሩ የሄደውም ጤነኛ ነው፤ በ17 ወሩ የሄደውም ጤነኛ ነው። ከመቶ ልጆች አራት ያህሉ ደግሞ በእጅና በጉልበታቸው ጨርሶ ሳይድሁ ነው የቆሙት። ስለዚህ «የእገሊት ልጅ ቀደመች» እያላችሁ አትጨነቁ።

ነገር ግን ልክ አለው። ልጁ ዓመት ከስድስት ወር ሞልቶት ብቻውን ካልተራመደ፣ ወይም በዘጠኝ ወሩ መቀመጥ ካቃተው፣ ወይም ያውቀው የነበረውን እንቅስቃሴ ከተወ፣ ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ። ነገ አትበሉ። አንዱ እጁ ብቻ የሚሠራ ከሆነ፣ ወይም ሰውነቱ እንደ እንጨት የሚገተር ወይም እንደ ጨርቅ የሚልፈሰፈስ ከሆነም እንዲሁ።

ምክንያቱ ብዙ ሊሆን ይችላል። ምጥ ረዝሞ በመወለጃው ሰዓት አየር ያጠረው ልጅ አንጎሉ ሊጎዳ ይችላል። ሲወለድ ዓይኑና ቆዳው እጅግ ቢጫ ሆኖ ሳይታከም የቀረም ሊጎዳ ይችላል። ምግብ ያነሰው ልጅ ጉልበት አያገኝም። የልጅነት ልምሻ እግር ያሽመደምዳል፤ ለእሱ ክትባት አለ።

አንዱን ግን ለብቻው ልናገረው፤ የእኛን ከተማ የሚነካ ነውና። ፀሐይ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍ ያለች፣ ፀሐይ የሞላባት ከተማ ናት። እንዲያም ሆኖ ፀሐይ በማጣት አጥንታቸው የሚለሰልስ ልጆች አሉባት። እንዴት ቢሉ፣ ምች ይመታዋል፣ ዓይን ያርፍበታል እየተባለ ሕፃኑ ተጠቅልሎ ጓዳ ስለሚውል። ቆዳችን ፀሐይ ሲያገኝ ቫይታሚን ዲ የሚባል ነገር ይሠራል። ያለ እሱ አጥንት አይጠነክርም። የልጁ እግር ይጎብጣል፣ የእጁ አንጓ ይወፍራል፣ መሄድ ይዘገያል። በሽታው ሪኬትስ ይባላል። መድኃኒት አለው፤ መከላከያው ግን ደጃችን ላይ ነው። ጠዋት ጠዋት ልጁን እጅና እግሩን ገልጣችሁ ጥቂት ጊዜ ፀሐይ አሙቁት። በመስኮት መስታወት በኩል የገባ ፀሐይ አይበቃም፤ መስታወቱ ጠቃሚውን ጨረር ያስቀረዋል። በቀትር ንዳድ አውጡት አላልኩም።

እንግዲህ ለእኚያ እናት ምን አልኳቸው? ልጅዎ እርግማን አይደለም፤ የሚደበቅም ነገር አይደለም አልኳቸው። ጓዳ የተቀመጠ ልጅ ፀሐይ ያጣል፣ ጨዋታ ያጣል፣ የሚያየውና ደርሶ ሊይዘው የሚጓጓለት ነገር ያጣል። እንቅስቃሴ የሚማረው ደግሞ በመጓጓት ነው። ሐኪም ምክንያቱን ያገኛል። ባይገኝ እንኳ የእንቅስቃሴ ሕክምና የሚባል አለ፤ ፊዚዮቴራፒ ይሉታል። በጊዜ ሲጀመር ብዙ ይረዳል። ልጁን ይዘው ሄደዋል። ውጤቱን እዚህ አልናገርም፤ የቤታቸው ጉዳይ ነው።

ጨዋታ ሥራ ነው

ልጅ ከሁለት ዓመት በኋላ ይሮጣል፣ ይዘላል፣ ይወረውራል። ወላጆች «ዝም ብሎ ይጫወታል» ይላሉ። ዝም ብሎ አይደለም። ሰኞ ማክሰኞ የምትዘል ልጅ በአንድ እግር ሚዛን መጠበቅ እየተማረች ነው። ቅልሞሽ ሲጫወቱ ዓይንና እጅ መግባባት ይማራሉ። ብይ ጣትን ያሠለጥናል። የጨርቅ ኳስ ሙሉ ሰውነትን። በመምህራን ማሠልጠኛ ተቋም ሳለሁ የተማርኩት፣ በክፍሌም ያየሁት ይኸው ነው። በጭቃ ምጣድና ጀበና ሲሠራ ያደገ ልጅ እርሳስ ሲይዝ አይቸገርም።

በልጅነት የተለመደ እንቅስቃሴ ከሰው ጋር ይቀራል። ኃይሌ ገብረ ሥላሴን ታውቁታላችሁ፤ በ1965 ዓ.ም አሰላ አካባቢ የተወለደው ሯጭ ነው። ልጅ ሳለ ትምህርት ቤቱ 10 ኪሎ ሜትር ይርቅ ነበርና ደብተሩን በግራ እጁ ይዞ ይሮጥ ነበር። በኋላ በዓለም ፊት ሲሮጥ ግራ ክንዱ ደብተር እንደያዘ ሰው ትንሽ እጥፍ ብላ ትታይ ነበር። ደብተሩ ከቀረ ስንት ዓመቱ! ክንዱ ግን አልረሳውም። በ2001 ዓ.ም መስከረም በርሊን ላይ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ3 ደቂቃ ከ59 ሴኮንድ ሲጨርስ 35 ዓመቱ ነበር። ያን ጊዜ የዓለም ክብረ ወሰን ነበር።

የጎልማሳ እጅ

አሁን ወደ እናንተ ልምጣ። «እጄ ደርቋል» የምትሉት ጥቂት አይደላችሁም።

እስቲ እንጀራ የምትጋግሩ እናቶችን ልጠይቅ። ሊጡን ከምጣዱ ዳር ጀምራችሁ እያዞራችሁ ወደ መካከል ታመጣላችሁ። ሳይወፍር፣ ሳይሳሳ፣ ሳይቋረጥ። ስትጋግሩ ስለ እጃችሁ ታስባላችሁ? አታስቡም። ወሬ እያወራችሁ ነው የምታዞሩት። ግን የመጀመሪያውን ቀን አስታውሱ። ሊጡ ተቋጠረ፣ ተቀደደ፣ ምጣዱ ተቃጠለ። ያን ጊዜ እያንዳንዷን ነገር ታስቡ ነበር። አንጎል አዲስ እንቅስቃሴ ሲማር እንዲህ ነው። መጀመሪያ በሐሳብ፣ በዝግታ፣ በስሕተት። ከዚያ ስሕተቱ ይቀንሳል። በመጨረሻ እጅ በራሱ ይሄዳል። መጻፍም ከዚህ አይለይም። እናንተ አሁን የመጀመሪያው ምጣድ ላይ ናችሁ።

በ1971 ዓ.ም የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመርም እንዲሁ ነበር። እርፍና እንዝርት የለመደ የሚሊዮኖች እጅ እርሳስ ያዘ። ጎልማሳ መማር አይችልም ቢባል ኖሮ ያ ሁሉ ሰው ስሙን ባልጻፈ።

የአጠና ተራው አባት እጅ አልደረቀም። እንዲያውም ብልህ እጅ ነው፤ ከባድ ግንድ አንሥቶ ሚዛኑን ሳይስት ይደረድራል። ችግሩ እርሳሱንም እንደ ግንድ መያዙ ነው። እርሳስ እርፍ አይደለም፤ ጥብቅ አድርጎ ሲጨብጡት ይሰበራል፣ ወረቀት ይቀድዳል፣ ክንድ ይዝላል። በሦስት ጣት፣ ላላ አድርጋችሁ ያዙት። ክንዳችሁን ጠረጴዛ ላይ አሳርፉ። እግራችሁ መሬት ይርገጥ። ትከሻችሁን ዝቅ አድርጉ።

መጀመሪያ በትልቁ ጻፉ። በጠመኔ ሰሌዳ ላይ፣ ወይም በጣት አመድ ላይ። ትልቁን ፊደል ትከሻ ይጽፈዋል። ትከሻ ሲያውቀው ወደ ጣት ይወርዳል። ሕፃኑ የሄደበት መንገድ ማለት ነው፤ ከመካከል ወደ ዳር።

ፊደላችንም ይረዳችኋል። «በ»ን ተመልከቱ። «ቡ» ለማለት በቀኝ ጎኗ መካከል ላይ አንዲት ጭረት ትጨምራላችሁ። «ሰ»ም «ሱ» ስትሆን ያቺኑ ጭረት ታገኛለች፤ «ከ»ም «ኩ» ስትሆን። እጃችሁ ጭረቷን አንድ ጊዜ ከለመደ ለሌላውም ፊደል ይዞት ይሄዳል። አንዳንዱ ፊደል ግን ያስቸግራል፤ አልክድም። እሱን ለብቻው ልመዱት።

በየቀኑ አሥር ደቂቃ መጻፍ እሑድ ቀን ሁለት ሰዓት ከመጻፍ ይበልጣል። አንጎል የተለማመደውን የሚያጸናው በእንቅልፍ ጊዜም ነው። ዛሬ አልሆን ያለው ፊደል ከእንቅልፍ በኋላ ቀለል ሲል ብታገኙት አትደነቁ። አንድ ነገር ደግሞ ልጨምር። 40 ዓመት ያለፈው ሰው ቅርብ ያለ ነገር ይደበዝዝበታል። «እጄ ሰነፈ» ከሚሉት አንዳንዶቹ መነጽር ነው የጎደላቸው።

ዘነበ ወርቅ ስለሚሠራው ሥራ

በክፍለ ከተማችን ዘነበ ወርቅ አካባቢ አለርት ሆስፒታል አለ። በ1950ዎቹ መጨረሻ በሥጋ ደዌ ለተያዙ ሰዎች ሕክምናና ለሐኪሞች ሥልጠና ተብሎ የተቋቋመ ነው። ዛሬ ሌላም ብዙ በሽታ ያክማል። ሥጋ ደዌ ጣት የሚቆርጥ በሽታ ይመስላቸዋል፤ እንዲያ አይደለም። በሽታው የሚጎዳው ነርቭን ነው። ነርቭ ሲሞት እጅ ትኩስ ድስት አይሰማውም፤ ይቃጠላል። ጡንቻም ትእዛዝ ያጣል፤ ጣቶች ይታጠፋሉ። ቶሎ የታከመ ሰው ግን ይድናል፤ ጉዳትም ላይደርስበት ይችላል።

ጣቶቹ ለታጠፉበት ሰው ሐኪሞች አንድ የሚያስደንቅ ሥራ ይሠራሉ። ደህና ከሆነ ጡንቻ ላይ ጅማት ወስደው ሥራው ወደ ቆመበት ጣት ያዛውሩታል። ቀዶ ሕክምናው ግን ግማሹ ነው። ሰውዬው ከዚያ በኋላ መማር አለበት። ትናንት ሌላ ሥራ የነበረው ጡንቻ ዛሬ ጣት እንዲዘረጋ አንጎል ማዘዝ ይማራል። ለሳምንታት ይለማመዳል። መጀመሪያ ጣቱን ትኩር ብሎ እያየ፣ በኋላ ሳያይ። በዚያ ሰፈር ከበሽታው ተፈውሰው በዚያው እጃቸው ጥልፍ የሚጠልፉ ሰዎች አሉ። ጥልፍ! ከጣት ሥራ ሁሉ ረቂቁ።

ሻምበል አበበ ቢቂላንም አስቡ። ለውድድር ሩጫ ሥልጠና የጀመረው በልጅነቱ አልነበረም፤ በክብር ዘበኛ ወታደር ሳለ፣ ከ20 ዓመቱ በኋላ ነው። ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም በሮም በባዶ እግሩ ሮጦ አሸነፈ። ጥቅምት 1957 ዓ.ም ቶኪዮ ላይ ደገመው። በ1961 ዓ.ም በመኪና አደጋ እግሮቹ ሽባ ሆኑ። እንግሊዝ አገር ስቶክ ማንደቪል በሚባል ሆስፒታል ታከመ፤ እግሩ ግን አልተመለሰም። ታዲያ ቁጭ አለ? አዎን፣ ቁጭ አለ፤ ግን ቁጭ ብሎ ቀስት መወርወርና የጠረጴዛ ቴኒስ ተማረ። በ1962 ዓ.ም በዚያው በስቶክ ማንደቪል ተወዳደረ። በ1963 ዓ.ም ኖርዌይ ሄዶ በረዶ ላይ በመንሸራተቻ 25 ኪሎ ሜትር ተወዳድሮ አሸነፈ። በረዶ ሳያይ ያደገ የደብረ ብርሃን አካባቢ ሰው! በ1966 ዓ.ም ጥቅምት ላይ ዐረፈ።

ዕድሜ ሲገፋ

ጡንቻ የሚጠነክረው እስከ 30ዎቹ ነው። ከዚያ ቀስ እያለ ይቀንሳል፤ ከ60 በኋላ ይፈጥናል። ሚዛን ይደክማል። መልእክቱም ይዘገያል፤ እግር ሲያዳልጥ እጅ ቶሎ አይደርስም። የኮልፌ ቁልቁለት በክረምት ጭቃ ሲሆን ስንቱን ሽማግሌ እንደጣለ ታውቃላችሁ። የዳሌ አጥንት ከተሰበረ በኋላ ብዙ ሰው እንደ ቀድሞው አይራመድም።

እኛ ልጆች በፍቅር አንድ ክፉ ነገር እናደርጋለን። «እማማ አርፈው ይቀመጡ» እንላለን። ውኃውን እንቀማቸዋለን፣ መጥረጊያውን እንቀማቸዋለን። ከአንድ ዓመት በኋላ ከዱካቸው መነሣት ያቅታቸዋል። ጡንቻ ያልሠራበትን ይጥላል። በ1982 ዓ.ም ቦስተን በሚባል የአሜሪካ ከተማ ሐኪሞች 90 ዓመት ገደማ የሆናቸውን ደካማ አረጋውያን እግራቸውን ክብደት አሠሯቸው። በ8 ሳምንት የእግራቸው ኃይል ከእጥፍ በላይ ጨመረ። በ90 ዓመት!

እኛ አገር ክብደት መግዛት አያስፈልግም። ቤተ ክርስቲያን የሚሰግዱትን እናቶች፣ መስጊድ ሶላት የሚሰግዱትን አባቶች ልብ ብላችሁ እዩ። ያጎነብሳሉ፣ ይንበረከካሉ፣ ይነሣሉ፤ በየቀኑ። የሚያደርጉት ለጸሎት ነው፤ ጉልበታቸው ግን ተጠቃሚ ነው። ሌላው ደግሞ ወንበር ግድግዳ አስጠግቶ፣ በእጅ ሳይደገፍ አሥር ጊዜ መነሣትና መቀመጥ ነው። ግድግዳ ይዞ በአንድ እግር መቆምም ሚዛንን ያሠለጥናል። ምርኩዝ መያዝ አያሳፍርም፤ መውደቅ ይብሳል።

አንድ ነገር ግን ከእርጅና ጋር አታምታቱ። የሰው ፊት በድንገት ከተጣመመ፣ አንድ እጁ ከዛለ፣ ንግግሩ ከተኮላተፈ፣ እርጅና አይደለም። በአንጎል ውስጥ ደም ተቋርጧል ወይም ፈስሷል። ሳይመሽ ሳይነጋ ሳትሉ ወደ ሆስፒታል ውሰዱት።

ለሚቀጥለው ጊዜ የቤት ሥራ አለ። ትንሽ ነው። በትልቁ፣ ከዚያ በትንሹ፣ እነዚህን ስድስት ፊደሎች በየቀኑ አንድ አንድ መስመር ጻፉ፤ በ፣ ቡ፣ ሰ፣ ሱ፣ ከ፣ ኩ። የመጀመሪያውን ቀን ወረቀት አትጣሉት። የሰባተኛውን ቀን አጠገቡ አድርጋችሁ ለመምህራችሁ አሳዩ። በሉ ደህና ሁኑ።